የዲሲው አሬና ሪቪው፦ ኤምሲአይ፣ ቨራይዘን ወይስ ካፒታል ዋን?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዲሲ አካባቢ የምትኖሩም ሆነ ለሰመር ዘመድ ጥየቃ የምትመጡ ሰዎች "ያ ቻይናታውን ያለው ትልቁ አሬና እንዴት ነው፣ ልጆቹን ይዘን ብንሄድ ያዋጣል ወይ" እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ የማውቀውን ሁሉ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የባስኬትና የበረዶ ሆኪ ጌም የሚደረግበት ቤቱ አሁን ካፒታል ዋን አሬና ይባላል። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥና፣ ቦታው መሃል ከተማ ነው፣ መድረሻው ቀላል ነው፣ ውስጥ ገብቶ ጌም ማየቱ ደስ ይላል፣ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የቀረችውን አንዷን የከለከልኩት በስሙ ምክንያት ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ስም የመቀያየር ጉዳይ ብዙ ሰው ቀላል አርጎ ያየዋል እኔ ግን ቀላል አይመስለኝም።

እኛ ሀበሾች ዘንድ አንድ ሰው ዲሲ መቼ እንደገባ ማወቅ ከፈለጋችሁ ይሄን ቤት ማን ብሎ እንደሚጠራው ስሙ። በ90ዎቹ መጥቶ ታክሲ የነዳ ሰው እስከ ዛሬ ኤምሲአይ ነው የሚለው፣ ከ2006 በኋላ በዲቪ ምናምን የገባው ቨራይዘን ይላል፣ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ደግሞ ካፒታል ዋን ብቻ ነው የሚያውቁት። አንዴ ከአሬናው ሁለት ብሎክ ራቅ ያለ የምድር ቤት ፓርኪንግ ስንገባ እዚያ የሚሰሩት አባት፣ ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው የቲኬት ጥቅሉን በእጃቸው ይዘው፣ በመስኮቱ ጎንበስ አሉና "ኤምሲአይ ናችሁ?" አሉን። የእህቴ ልጅ ከኋላ ሆኖ "ኖ፣ ካፒታል ዋን" አላቸው። እሳቸውም "እሱው ነው የኔ ልጅ፣ በሉ ግቡ፣ ጌሙ ሲያልቅ ግን ቶሎ ውጡ፣ እዚህ መውጫው ላይ ይጨናነቃል" ብለው መከሩን። ልጁ ግራ ገብቶት ወደኔ ዞሮ ሌላ ቦታ ነው እንዴ የመጣነው ሲለኝ ነው ታሪኩን ከመጀመሪያው ማስረዳት የጀመርኩት፣ እናንተም ስሙት።

ከዚህ ቤት በፊት ሌላ ቤት ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር የሚባለው ቦታ፣ ቤልትዌይ ዳር፣ ካፒታል ሴንተር የሚባል አሬና በዲሴምበር 2 1973 ተከፈተ፣ የሰራው ኤብ ፖሊን ነው፣ የባስኬት ቡድኑን ቡሌትስን ከባልቲሞር ወደዚያ ያመጣው እሱ ነው፣ በዓመቱ ደግሞ ካፒታልስ የሚባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ተቋቋመ። የስም ሽያጩ ነገር የተጀመረው እዚያው ላንዶቨር ነው። በ1993 አየር መንገዱ ዩኤስኤር ስሙን ገዛና ዩኤስኤር አሬና ተባለ፣ ከዚያ አየር መንገዱ ራሱ ስሙን ቀይሮ ዩኤስ ኤርዌይስ ሲሆን አሬናውም አብሮ ዩኤስ ኤርዌይስ አሬና ሆነ። ዛሬ ያ አየር መንገድ የለም፣ ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ተዋህዶ ጠፍቷል። ቤቱም በ2002 ፈርሷል፣ ቦታው መጀመሪያ የገበያ ማዕከል ሆነ፣ አሁን ሆስፒታል አለበት። ስሙም ስም የሰጠውም ቤቱም ሶስቱም የሉም ማለት ነው፣ ቆሞ የቀረው በመጀመሪያ ስሙ የሚጠራው የሰዉ ትዝታ ነው፣ የድሮ ሰዎች ካፕ ሴንተር ነው የሚሉት ዩኤስ ኤርዌይስ ሲል የምሰማው ሰው የለም።

ፖሊን በ90ዎቹ አጋማሽ ቡድኖቹን መሃል ዲሲ ላምጣ አለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ያኔ ዲሲ መሃል ከተማው አሁን የምታዩት አልነበረም፣ ከተማዋ ገንዘብ ጨርሳ በፌዴራል ቁጥጥር ቦርድ ስር የነበረችበት ጊዜ ነው፣ ሰባተኛ መንገድ ላይ ማታ ሰው አይታይም ነበር ነው የሚሉት ያኔ ይነዱ የነበሩት። ሰውየው በዚያን ሰዓት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የግል ገንዘብና ብድር አውጥቶ ሰራው፣ ከተማዋ መሬቱን በኪራይ ሰጠችው። በዲሴምበር 2 1997 ተከፈተ፣ ላንዶቨሩ በተከፈተ ልክ በ24 ዓመቱ፣ ፕሬዝዳንት ክሊንተን ባሉበት የፖሊን የባስኬት ቡድን ዊዛርድስ የሲያትል ሱፐርሶኒክስን 95 ለ78 አሸነፈ።

ዊዛርድስ ስል ይሄም ስም ያኔ አዲስ ነበር። ቡድኑ ቡሌትስ ማለትም ጥይቶች ነበር የሚባለው። ዲሲ በዚያ ዘመን በግድያ ብዛት ስሟ የሚነሳ ከተማ ነበረች፣ ፖሊን በዚህ ስም ማፈር ጀምሮ ነበር፣ በዚያ ላይ ወዳጁ የነበረው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሃቅ ራቢን በ1995 በጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ ይሄን ስም አልፈልግም ብሎ በ1997 ዊዛርድስ አስባለው። ደጋፊው ብዙው አልወደደለትም፣ እስካሁንም ቡሌትስ ይመለስልን የሚል አለ። እኔ ግን ይሄን ታሪክ ካወቅኩ በኋላ ሰውየውን አከብረዋለሁ፣ ማንም ገንዘብ ሳይከፍለው ለህሊናው ብሎ ስም የቀየረ ሰው ነው። ያው ይሄው ሰው ግን ለህንጻው ስም ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና ለስልክ ድርጅቱ ለኤምሲአይ ሸጠው፣ ኤምሲአይ ሴንተር ተባለ።

ኤምሲአይ ለእኛ እንግዳ ስም አልነበረም። ያኔ ኢትዮጵያ መደወል ማለት ትልቅ ወጪ ነበር፣ ደቂቃው ይቆጠራል፣ ሰው ወይ ካርድ ገዝቶ ነው የሚደውል ወይ ከእነዚህ ከረጅም ርቀት የስልክ ድርጅቶች የአንዱ ደንበኛ ነው፣ ቢሉ ሲመጣ ቤተሰብ የሚጣላበት ዘመን ነው። እና የአሬናው ግድግዳ ላይ ያ ስም ሲበራ የብዙ ሰው ወጪ እዚያ ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር ብሎ አንድ የድሮ ታክሲ ነጂ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ በ1998 ወርልድኮም ኤምሲአይን ገዛው፣ በ2002 ወርልድኮም በሂሳብ ማጭበርበር ተጋልጦ ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ገባ፣ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ታሪክ ከታየው ኪሳራ ሁሉ ትልቁ ነበር። የሰው ጡረታ የጠፋበት ነው፣ ቀልድ አይደለም። በዚያ ሁሉ መሃል አሬናው ግን ስሙን እንደያዘ ቀጠለ፣ ማይክል ጆርዳን እንኳን ከ2001 እስከ 2003 ለዊዛርድስ የተጫወተው እዚያ ስም ስር ነው።

በ2006 ቨራይዘን ኤምሲአይን ገዝቶ ሲጨርስ ስሙ ቨራይዘን ሴንተር ሆነ። ሁለቱም የስልክ ድርጅት ስለሆኑ የሆኪ ደጋፊዎቹ "የስልክ ዳሱ" የሚል ቅጽል አወጡለት፣ እና ይሄ ቅጽል ስሙ ከስልክ ወጥቶ ባንክ ከሆነ በኋላም አንዳንዶቹ ጋር አለ። ሕዝብ በራሱ ያወጣው ስም እንደዚህ ይቆያል ማለት ነው። ፖሊን በ2009 አረፈ፣ በ2010 ቴድ ሊዮንሲስ ዊዛርድስንም ህንጻውንም ከቤተሰቡ ገዛ፣ ሞኑሜንታል ስፖርትስ የሚባለው ድርጅት የሱ ነው። በኦገስት 2017 የቨራይዘን ስም ወርዶ ካፒታል ዋን ባንክ ገባ፣ ዋና መስሪያ ቤቱ እዚሁ ቨርጂኒያ ማክሊን ያለው ባንክ ነው። ባንኩ ደግሞ ገና ዓመት ሳይሞላው ጁን 7 2018 ካፒታልስ ላስ ቬጋስ ላይ የሆኪውን ትልቅ ዋንጫ ስታንሊ ካፕን በላ፣ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ያን ማታ ጌሙ ላስ ቬጋስ ነው እንጂ ሰዉ አሬናው ውስጥም ውጪ መንገዱ ላይም በትልቅ ስክሪን ሲያይ ነበር፣ ኤፍ ስትሪት ቀይ በቀይ ሆኖ መኪና የሚባል አያልፍም። እኔ ሆኪ ያን ያህል አላውቅም ነበር፣ ከዚያ ማታ በኋላ ነው ማየት የጀመርኩት።

ስለ ስፖንሰር ካነሳን አይቀር አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት ሜይ 17 ከታምፓ ጋር በነበረው ጌም ሜትሮው ቀድሞ ሊዘጋ ስለነበር አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንዲሰራ 100,000 ዶላር የከፈለችው የኳታር መንግስት ናት። በ2023 ደግሞ የኳታር ኢንቨስትመንት ፈንድ ከሞኑሜንታል ላይ ወደ 5 ከመቶ ድርሻ ገዛ። ዶሃ ሰርታችሁ ወደዚህ የመጣችሁ እህቶች፣ እዚህም ገንዘባቸው አለ ለማለት ነው።

በሉ አሁን ወደ ሪቪው። መድረሻው ላይ እንጀምር፣ ምክንያቱም የዚህ ቤት ትልቁ ጥሩ ነገር እሱ ነው። ህንጻው ጋለሪ ፕሌስ ቻይናታውን የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ከምድር ወጥታችሁ ቀና ስትሉ በሩ ፊት ለፊታችሁ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ በቀዩ መስመር ቀጥታ ትመጣላችሁ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ በቢጫው ቀጥታ፣ ባቡር መቀየር የለም። በመኪና ከሆነ ግን በጌም ማታ ፓርኪንጉ ውድ ነው፣ ቀድማችሁ በስልካችሁ ቦታ ያዙ፣ ሁለት ሶስት ብሎክ ራቅ ካላችሁ ዋጋው ይቀንሳል። ብዙዎቹ ፓርኪንጎች ላይ አበሻ አለ፣ ሰላም በሉ፣ የት መንገድ እንደተዘጋ ከማንም አፕ በላይ ያውቃሉ።

እዚህ ጋ የስሙ ችግር በተግባር ይመጣል። ካፒታል ዋን ሆል የሚባል ሌላ ቤት ታይሰንስ አለ፣ በ2021 የተከፈተ ቲያትርና ሙዚቃ የሚቀርብበት አዳራሽ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዲሲው አሬና በመኪና ግማሽ ሰዓት የሚርቅ፣ በትራፊክ ሰዓት ከዚያም በላይ። ሁለቱም የአንድ ባንክ ስም ነው የተለጠፈባቸው። ጂፒኤስ ላይ ካፒታል ዋን ብላችሁ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ከነካችሁ፣ በተለይ ቨርጂኒያ በኩል ሆናችሁ ከሆነ፣ ታይሰንስ ልትገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ የምመክራችሁ ስሙን ተዉትና አድራሻውን ጻፉ፣ 601 ኤፍ ስትሪት ኖርዝ ዌስት። እንግዳ ስትልኩም እንደዚያው፣ በተለይ እናቶችን በኡበር ስትልኩ። ስም የአንድን ቦታ ከሌላው መለያ መሆን ሲገባው አንዱን ከአንዱ የሚያምታታ ሲሆን ምን ይባላል።

ውስጡ። ለባስኬት ወደ 20,000 ሰው፣ ለሆኪ ከ18,000 በላይ ሰው ይይዛል። ታች ያሉት የ100 ቁጥሮች ናቸው፣ መሃሉ 200ዎቹ ክለብ የሚባሉት፣ ላይኛው 400ዎቹ። ለባስኬት ከሆነ 100ዎቹ ጥግ ላይ የሚገኙት ዋጋቸው ከመሃሉ ቀነስ ይላል እና ተጫዋቾቹ ሲነጋገሩ ሁሉ ይሰማል። ለሆኪ ግን እኔ 400ዎቹን እመርጣለሁ፣ ሰው ላይኛው ላይ ሆኖ ምን ይታያል ይላል፣ ሆኪ ግን በጣም ፈጣን ስለሆነ ታች ከሆናችሁ ኳሷ፣ ፐክ የሚሏት ጥቁሯ ነገር፣ የት እንደገባች ሳታዩ ጎል ይሆናል፣ ከላይ ግን ጠቅላላ አሰላለፉ ይታያችኋል። ላይኛው ደረጃ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ጉልበት የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ ወይ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ያዙ ወይ ታች ግዙ። ጃኬት አትርሱ። የሚገርማችሁ የባስኬት ወለሉ የሚነጠፈው በረዶው ላይ ነው፣ በረዶውን አያቀልጡትም፣ መከላከያ ያለብሱትና እንጨቱን እላዩ ላይ ይገጣጥሙታል፣ አንዳንዴ በአንድ ቀን ቀን ላይ ሆኪ ማታ ባስኬት ይደረጋል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው የሚቀይሩት።

ቲኬት ላይ፣ ዊዛርድስ እስካሁን ደካማ ነው፣ በ2023-24 ከ82 ጌም 15 ብቻ አሸንፎ በቡድኑ ታሪክ የከፋውን ውጤት አስመዘገበ፣ የሚቀጥለውም ዓመት 18 ብቻ ነው። ለደጋፊ ያማል ለቤተሰብ ግን ጥሩ ነው፣ ማክሰኞ ረቡዕ ማታ አራት ልጅ ይዛችሁ ብዙ ሳትጎዱ ትገባላችሁ፣ ሌብሮንንና ከሪን የመሰሉ ሲመጡ ግን ዋጋው ሌላ ነው፣ ያን ቀን አትሂዱ ካልቆረጣችሁ በስተቀር። ካፒታልስ ተቃራኒው ነው፣ ለዓመታት ኮከቡ በሆነው በኦቬችኪን ምክንያት ቲኬቱ ይፈለጋል። ሰውየው በኤፕሪል 2025 የድሮውን ኮከብ የግሬትስኪን የ894 ጎል የሊግ ሪከርድ እዚሁ ዲሲ በቺካጎ ቡድን ላይ አግብቶ እኩል አደረገ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ኒው ዮርክ ላይ 895ኛዋን አገባ። ያን ቀን እዚህ ገብቶ ያየ ሰው ዕድለኛ ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ባስኬትም እዚሁ ነው የሚጫወተው፣ ለጀማሪ እሱ በጣም ጥሩ ነው።

ምግቡ እንደማንኛውም አሬና ውድ ነው፣ እዚያ ላይ ብዙ አልልም፣ ውጪ ቀምሳችሁ ግቡ። የቦርሳ ደንቡንም ከመሄዳችሁ በፊት አሬናው ድረ ገጽ ላይ እዩት፣ ሕፃን ካለ በተለይ። ውጪ መብላቱ ደግሞ ወደ ሰፈሩ ጉዳይ ያመጣኛል።

ሰፈሩ ቻይናታውን ነው፣ ባለ ቀለሙ ትልቅ በር በ1986 የቆመው እስከ አሁን አለ። አሬናው ሲመጣ ሰፈሩ ነቃ፣ ሬስቶራንት ሲኒማ ሱቅ ሁሉ ተከፈተ፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ግን ኪራዩም አብሮ ወጣ፣ ድሮ በሺዎች የነበሩት ቻይናውያን ነዋሪዎች አሁን ጥቂት መቶዎች ናቸው፣ የቻይና ፊደል የምታዩት የቡናና የፋስት ፉድ ሰንሰለቶች ላይ ነው። ይሄ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዳምስ ሞርጋን ጀምረን፣ ከዚያ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛ መንገድ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ እስኪባል ሰፈሩን ሞልተነው፣ ኪራዩ ሲወጣ ስንቱ ቤት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። የሰፈር ስም ቆይቶ ሰዉ ሲሄድ እኛም አይተነዋል፣ እዚህ ደግሞ የቤቱ ስም እየተሸጠ ሰዉ ዝም ብሎ ያያል።

በዲሴምበር 2023 ሊዮንሲስ ከቨርጂኒያው ገዥ ከግሌን ያንግኪን ጋር ቆሞ ቡድኖቹን ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ያርድ፣ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ወደሚያወጣ አዲስ ፕሮጀክት እወስዳለሁ አለ። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወዳጆቼ አንዳንዶቹ ደስ አላቸው፣ በእግር የሚደርሱበት ሆኖ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሩት ዋን ላይ የሚመጣውን ትራፊክ አስበው ተቆጡ። መሃል ዲሲ ሬስቶራንትና ፓርኪንግ ላይ የሚሰሩት ግን በእውነት ደንግጠው ነበር፣ ከኮቪድ በኋላ ቢሮው ባዶ ሆኖ የቀራቸው የጌም ማታ ገበያ ነበርና። በመጨረሻ የቨርጂኒያ ሴኔት፣ በተለይ የፋይናንስ ኮሚቴዋ ሊቀመንበር ሉዊዝ ሉካስ፣ አይሆንም ብለው አስቀሩት፣ በማርች 27 2024 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘርና ሊዮንሲስ ቡድኖቹ ዲሲ እስከ 2050 ይቆያሉ ብለው ፈረሙ። ዲሲ 515 ሚሊዮን ዶላር ለእድሳት ትሰጣለች፣ ጠቅላላው እድሳት 800 ሚሊዮን ነው። እዚያ ውስጥ 87.5 ሚሊዮኑ ከተማዋ ህንጻውን ራሱን የምትገዛበት ነው፣ ገዝታ መልሳ ለሞኑሜንታል ታከራያለች።

አሁን ኮከቡን ለምን እንደያዝኩ ይገባችኋል። ፖሊን በራሱ ገንዘብ ሲሰራው ስሙን የሸጠው የራሱ ንብረት ነበር፣ ቅር ቢለኝም የምለው ነገር የለም። ዛሬ ግን መሬቱም የከተማው፣ ህንጻውም የከተማው፣ የእድሳቱ ትልቁ ገንዘብም የዲሲ ግብር ከፋይ ነው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ሰቨን ኢሌቨን ሱቅ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰራው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቁት አባት የሚከፍሉት ግብር ነው። እና ግድግዳው ላይ የሚነበበው የባንክ ስም ብቻ ነው። የባንኩ ገንዘብ ይምጣ፣ አልቃወምም፣ ለእድሳት ይጠቅማል፣ ነገር ግን ከባንኩ ስም ጎን የማይሸጥ አንድ የከተማው ስም ይኑር ነው የምለው። ባንኩ ሲሄድ ሌላው ሲመጣ ያ ስም ባለበት ይቆያል፣ እንግዳም አይጠፋም ካርታም አይምታታም። የሚሆን ነገር ነው፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለችው የኤፍ ስትሪት ብሎክ ከ2007 ጀምሮ የኤብ ፖሊን መንገድ ተብላ የክብር ስም ተሰጥቷታል፣ የቤቱ ስም ከቨራይዘን ወደ ካፒታል ዋን ሲዞር እሷ አልተነካችም፣ ለዚያች ታርጋ ስም የከፈለ ድርጅት የለም።

ይሄ የዲሲ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባልቲሞር ላይ የሬቨንስ ስታዲየም ፒኤስአይኔት የሚባል የኢንተርኔት ድርጅት ስሙን ገዝቶት ድርጅቱ በ2001 ከሰረ፣ ስታዲየሙ ስም አጥቶ ከርሞ በ2003 ባንክ ያዘው። ማያሚ ላይ ክሪፕቶ ነጋዴው ኤፍቲኤክስ በ2021 የሂት አሬናን ስም ገዛ፣ በ2022 መጨረሻ ድርጅቱ ተንኮታኩቶ ወደቀ፣ ስሙን ነቅለው መጣል ነበረባቸው። የኛው ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ፣ ላንዶቨር ላይ በ2022 ሲዘፍን ቤቱ ፌዴክስፊልድ ነበር፣ በ2025 ሲመለስ እዚያው ሳር ላይ ኖርዝዌስት ስታዲየም ሆኖ ጠበቀው፣ ሁለቱንም ኮንሰርት የገባ ሰው ቲኬቶቹን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ሁለት ከተማ የሄደ ነው የሚመስለው። አገር ቤትም ሊጉ ቤትኪንግ ፕሪሚየር ሊግ ተብሎ ሲጠራ ሰምተናል፣ የቁማር ድርጅት ስም በየቀኑ በልጆች አፍ ሲጠራ እኔ ደስ አይለኝም ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን የአበበ ቢቂላ ስታዲየም አለ፣ ሲሚንቶው ምን ቢያረጅ ስሙን ለምን እንደያዘ ለልጅ መንገር ይቻላል፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ ብለህ ትነግረዋለህ። ለዲሲው ልጅ ካፒታል ዋን ለምን ተባለ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ስለከፈሉ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

የዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ ይሄን ለዋርድ ካውንስል አባላችሁ ኢሜይል አርጋችሁ ጠይቁ፣ ህንጻው የከተማ ንብረት ከሆነ በኋላ መጠየቅ መብታችን ነው፣ ዜግነት ያላችሁ ደግሞ በምርጫ ሰዓት አንሱት። እኔ ጽፌአለሁ።

ለመሄድ ላሰባችሁ የመጨረሻው ነገር፣ እድሳቱ በደረጃ በደረጃ ነው የሚሰራው፣ ትልልቁ ስራ ቡድኖቹ በሰመር ሲያርፉ ይሰራል፣ እስከ 2027 ድረስ ይቀጥላል ነው የተባለው፣ ስለዚህ በፊት የገባችሁበት በር በሚቀጥለው ላይሆን ይችላል። ቲኬቱ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ የመግቢያ በሩን አብሮ ያሳያል፣ እሱን አይታችሁ ሂዱ፣ ከጌሙ 45 ደቂቃ ቀደም በሉ፣ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ሰው አንዱ የሜትሮ መግቢያ ላይ ስለሚከማች ጥቂት ብሎክ ወደ ሜትሮ ሴንተር ወይም ወደ አርካይቭስ ጣቢያ በእግራችሁ ብትሄዱ ቀድማችሁ ቤት ትገባላችሁ።